ማኅተሙ ያረፈበት ጉንጭ

ከቀትር በኋላ፣ ከዚራ ሲያሸልብ፣
ባጃጁ ከኒሙ ጥላ ሲሰበሰብ፣
ሆዳን መጣች ወደ እኔ፣ በመዳፏ ይዛ
አንድ ጉርድ ፎቶ፣ በላብ የወረዛ፤
"ወንድሜ ነው። ጉሌድ። አሳድገህ ሣልልኝ፤
ሳሎን ስገባ 'ነይ' የሚል አድርግልኝ።"

አየሁት በመስኮት፤ ከአውራ ጣቴ ያንሳል።
የወረዳው ማኅተም ግራ ጉንጩን ወርሷል፤
ሐምራዊ ግማሽ ክብ፣ ከቅንድቡ ጅራት
እስከ ከንፈሩ ጫፍ፣ ፊደል ደርድሮበት።

ወረቀት ወጠርኩኝ። በምላጭ ቀረጽኩኝ
ጠንካራውን እርሳስ፤ እንደ ወስፌ አሾልኩኝ።
ይህን ያስተማረኝ ሙሴ ያኒ ነበር፤
አርባ ዓመት ብሎን የነደፈ ለምድር ባቡር፤
ሰው ሲሥል ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"መስመር የሚባል" ይለኝ ነበር፣ "ፊት ላይ የለም፤
ብርሃን የደከመበት ድንበር ነው ሁሉም።
ዓይንህን አጥብበህ እይ፤ ሽፋሽፍቱ ይጥፋ፤
ትልቁ ጥላ ብቻ ከፊትህ ይስፋ።
እንደ ሐሜት ነው፤ በሹክሹክታ ጀምረህ፣
ደግሞ ደግሞ ደርብ፣ አቅጣጫ ቀይረህ።
ነጭ ደግሞ አይሣልም፤ ይጠበቃል እንጂ፤
ወረቀቱ ይዞታል፤ አንተ ብቻ አትፍጅ።"

ከመዳፌ በታች ሌላ ወረቀት አለ፤
የድሬን ላብ ማን ያምናል? ስንት ግንባር በከለ!
በጣት ማሸት የለም፤ የጣት ወዝ ያቆሽሻል፤
ለጉንጭ ልስላሴ ጥቅል ሶፍት ይሻላል።

ከአገጩ ሥር ቀስ አልኩ። እዚያ ጥላው አልሞተም፤
የደቻቱ አሸዋ በብርሃን አይሰስትም፤
ከላይ የተቀበለውን ወደ ላይ ይመልሳል፤
የድሬ ሰው መንጋጋ ከሥር በኩል ይበራል።
ይህን ሙሴ ያኒ አልነገረኝም፤
ድልድዩ ላይ ቆሜ ያየሁት ነኝ እኔም።

ቅንድቡን በማርከር። ትንፋሽ ይዞ፣ አንዴ።
እርሳስ ይምራል፤ ማርከር ዘመድ ነው እንዴ?

ቀረ ግራ ጉንጩ።
የቀኙን በመስታወት ገልብጬ፣ ቀዳሁ ያንኑ፤
እኩል ሆኑ፣ ጨዋ ሆኑ፣ ሁለቱም ጎኑ።

ሆዳን ጎንበስ አለች። ዝም አለች ብዙ ጊዜ።
"ይሄ ደግሞ ማነው? ሙሽራ ነው? ሚዜ?
የኔ ወንድም" አለች፣ "በግራ ነው የሚቅመው፤
ሃያ ዓመት ሙሉ! ግራው ነው የሚገዝፈው፤
ከሰዓት በኋላማ ጉንጩ ሌላ ሰው ነው።"

ሳቀች። ከሳቋ መሃል ድምጿ ተሰበረ፤
የሻሿ ጫፍ ለአፍታ ጥርሷ ውስጥ ነበረ።
ከዚያ ወንበር ስባ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤
የራሷን ግራ ጉንጭ ለብርሃኑ ሰጠች፤
ከውስጥ በምላሷ ገፋ አድርጋ አሳበጠች።
"በዚህ ልክ" አለችኝ፣ አፏ እንደ ተሞላ።

ስድስት ቢውን አነሣሁ፤ ከእብጠቱ በታች
እንደ ጨረቃ ግማሽ አንዲት ጥላ ተኛች።
በላጲሱ ስል ጫፍ ከላይ ብርሃን ነቀስኩ፤
ከአፉ ጥግ የነበረውን ጨዋ መስመር አፈረስኩ።
"ከከንፈሩ ላይ ቅጠል ልጨምርለት?" አልኩ፤
"ተው፣ እናቴ አታውቅም" አለች፤ እኔም ተውኩ።

የፀጉር ስፕሬይ ነፋሁ፣ እርሳሱ እንዳይረግፍ፤
አስነጠሳት። ከፈለችኝ። ጠቅልላ እንደ ምንጣፍ
ይዛው ወጣች፣ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ሲያነሡ።

ማታ የውኃ ተራ ደርሶ ጀሪካን ስደቅን፣
በአምፖሉ ብርሃን አየሁት የእጄን ጎን፤
ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ እንደ ሐዲድ ብረት።
ያ ሁሉ ወረቀት ከሥሩ ተነጥፎለት፣
ጉሌድ በየት አልፎ ገባ? እኔ አላውቅም።
ሳሙናውን አነሣሁ። ለጊዜው አልታጠብኩም።