የልምምድ ታዳሚ

ልጆቹ ሲተኙ፣ ድስቱ ሲከደን፣
መጋረጃው ወርዶ ቤቱ ጸጥ ሲለን፣
«ጦይባ» ትለኛለች፣ ከሳሎኑ መሀል፣
«እጅሽን አድርቂና ነይ እስኪ በሞቴ፣ ሥራው ነገ ይደርሳል፤
ተቀመጪ እዚህ ጋ፤ ሕዝብ ሁኚልኝ።»
ሕዝብ መሆን እንዴት ነው? ማንስ አስተማረኝ?
እቀመጣለሁ።

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ስወለውለው፣
አቧራውን እንጂ ምቾቱን አላውቀው፤
በዚያ ወርቅ ቅብ ወንበር የምቀመጠው
እኔ ሕዝብ ስሆን፣ ያኔ ብቻ ነው።

ማዳም ሙዲ ለምክር ቤት ትወዳደራለች።
አምስተኛው ቀለበት መንገድ ላይ፣ ከሞተር ዘይቱ ማስታወቂያ ጎን፣
ፎቅ አክላ ፈገግ ብላለች።
እዚህ ቤት ያን ያህል ጥርስ አይቼ አላውቅም፤
ፎቶ አንሺው ምን ብሎ እንዳሳቃት እንጃ፣ አልጠየቅኋትም።

«የኩዌት ልጆች ሆይ! ብድሩ ይሰረዛል!
የቤቱ ወረፋ ከእንግዲህ ያጥራል!»
ራሷን ስትነቀንቅ አጨበጭባለሁ፤
ዓይኗን ስታጠብ ጸጥ እላለሁ።
«አሁን ደግሞ ተቃዋሚ ሁኚ» ትልና ወረቀት ትሰጠኛለች፤
ከሚሴ የቀራሁት ፊደል ለዚህ ይሆነኛል ብላ እናቴ መች አስባለች!
ፊደል እየቆጠርኩ እጠይቃለሁ፤
መልሱንም አውቃለሁ።

አንድ ሌሊት ግን ከወረቀቱ ወጣሁ፤
«ዓርብ ዕረፍት የሌላትስ?» ብዬ ጠየቅሁ።
ብዕሯን አነሳች። አሰበች። አስቀመጠች።
«ይህን የሚጠይቅ መራጭ የለም» አለች።
እውነቷን ነው፣ የለም።
ከብድሩ ጀምረን ደገምነው።

ድንኳኑ ጃብሪያ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣
ውስጡ ምንጣፍ፣ ጣራው በመብራት ያበራ።
ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ሽቷቸው ይቀድማል፤
ጠቦቱ ሩዝ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል።
ትሪ ስሰበስብ ጆሮዬን ማን ያያል?
«ንግግሯስ ያምራል፤
ድምፄን ግን ለአጎቴ ልጅ ቃል ገብቻለሁ» ትላለች አንዷ፣
አጥንት እየጋጠች።
ሌላዋ «እኔም» አለች።

ደግሞ አንድ ሰውዬ አለ፣ «ቁልፍ» ይሉታል በአገራቸው፣
የሰፈሩን ቤቶች በጣቱ የሚቆጥራቸው፤
ይህን በር እከፍታለሁ፣ ያንንም እያለ
ወፍራም ፖስታ ይዞ በኋላ በር ሄደ።
ቁልፍ መሆኑስ እውነት ነው፤
እኔ ያየሁት ግን ሲቆልፍ ነው።

የምርጫው ዋዜማ ድምጿ ተዘጋ።
አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣ የለም፤ ሊነጋም ነው፣ ሊነጋ።
ባልዋ ስልክ ላይ ነው፣ እህቷ ታለቅሳለች፤
ዝንጅብል ወቀጥኩ፣ ማር በሎሚ በጠበጥኩ፣
ጨው በጨርቅ አሙቄ አንገቷን ጠመጠምኩ።
ጎህ ሲቀድ «ሰ…» አለች። ቀጥላም «ሰላም»።
አያችሁ፣ ያን ሌሊት ድምፅ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤
ማታ ሲቆጥሩ ግን ማንም አልደመረኝ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
ይህንኑ ነው ያገኘችው።

ድንኳኑ ፈረሰ። ፎቶዋን ከመንገዱ አወረዱት፤
ሾፌሩ ራጁ ለመኪናው መሸፈኛ አደረገው፣
በተገላቢጦሽ፣ ፊቷን ወደ ውስጥ።

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ ማጀት ድስት ስፈገፍግ፣
አፌ በራሱ ጊዜ ያን ንግግር ሲያደርግ፣
«ብድሩ ይሰረዛል!» ስል ለሽንኩርቱ ቅርጫት፣
«ወረፋው ያጥራል!» ስል ለማቀዝቀዣው ራስጌ፣ እጄን ዘርግቼለት፣
ዘወር አልኩ፤ በሩ ላይ ማዳም ቆማለች።
የሌሊት ልብስ ነው የለበሰችው። ጫማ አላደረገችም።
በርጩማውን በእግሯ ስባ ተቀመጠች።
«እዚያ ላይ ቀስ በይ» አለች፣
«ወረፋው የሚለው ላይ። ትንፋሽ ውሰጂ።»

ቧንቧውን ዘጋሁት።