ጆሮ ለባለቤቱ

ዓይናዲስ ትባላለች። ስሟን ስትጽፍ ሳቅን፤
እሷም አብራን ሳቀች፤ ለምዳዋለች ድሮ፤
እናቷ ዓይን አሏት፣ እሷ መረጠች ጆሮ።

"ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማንም እንዳይናገር፤
የሰማችሁትን ጻፉ" አለች። ይኸው ነበር
ሐዋሳ፣ ብሎክ ሰባት፣ የመጀመሪያው ትምህርት።

እኔ የጻፍኩት፦ የማራገቢያው ጥርስ ሲፋጭ፤
አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ጥፍሩን ሲጎትት፤ ባጃጅ ከአጥሩ ውጭ፤
የጎኔ ልጅ፣ የላላሞ ሆድ፣ ቁርስ ቀማኝ ብሎ ሲከስ፤
ከሐይቁ በኩል ግን ምንም። ነፋስ ብቻ፣ እሱም ሲመለስ።

"ጆሮ ለባለቤቱ..." ብላ ተረቱን ጀምራ ተወችው፤
"ባዳ ነው!" አልን በአንድ አፍ።
"እንግዲያው" አለች "በዚህ መንፈቅ እናዛምደው።"

ከዚያ ወዲህ ጆሮ ውስጡ የቀጥቃጭ ቤት ሆነ፤
መዶሻ፣ መስፍ፣ ደግሞም ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ እርካብ።
"ፈረሱስ?" አለ ላላሞ።
"ፈረሱ ድምፅ ነው" አለች፤
"ጋላቢው ማን እንደሆነ ግን" (ትንሽ ዝም አለች)
"ለፈተና አይመጣም።"

ከእርካቡ ወዲያ ቀንድ አውጣ፣ ውሃ የሞላ፣ ጥምዝ፤
ውሃው ውስጥ ጸጉር፣ እንደ ሐይቁ ዳር ቄጠማ፣
ሞገድ ሲነካው ጎንበስ፣ ሲያልፍለት ቀና የሚል።
"ቄጠማ ቢታጨድ በክረምት ይበቅላል፤
ይሄኛው ግን" አለች ጠመኔውን አስቀምጣ፣
"አንዴ ከታጨደ ለሁልጊዜው ይጎድላል።"
በቀይ አሰመርኩበት። ስለ ማንም አላሰብኩም።
አምስት ነጥብ ይይዛል።

በስድስተኛው ሳምንት ዴሲቤል፤ ሹክሹክታ ሠላሳ፣
ባጃጅ ሰማንያ፣ ወፍጮ ቤት ወደ መቶ ግድም።
"ወፍጮ ቤት ያደገ አለ?" ስትል ደብተሬን አየሁ፤
አንድ እጅ አልተነሣ። የእኔም እጅ አልተነሣ።

በሦስተኛው ወር "ከየቤታችሁ አንድ ጆሮ ይዛችሁ ኑ" ተባልን።
አባቴን አመጣሁ፤ ዳንጊሶን፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት፤
የኮቱ ስፌት ውስጥ ዛሬም የበቆሎ ዱቄት።
ጠባቧ ክፍል ገብቶ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ሲውል
እንደ ሙሽራ ቀጥ አለ።
"ድምፅ ስትሰማ፣ አባባ" አልኩት "እጅህን አንሣ።"
አነሣ። አነሣ። ደግሞ አነሣ።
ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ፤
እኔ ከመስታወቱ ማዶ እየሰማሁ፣
እሱ ፈገግ ብሎ፣ ገና ይመጣል ብሎ፣ እየጠበቀ ነበረ።

ወረቀቱ ላይ መስመሩ ከታቦር አናት ተነሥቶ
ትንሽ ሜዳ ሜዳውን ሄደ፤ ከዚያ ሰጠመ፣ ሐይቁ ገብቶ።
ዓይናዲስ በእርሳስ ነካችው፦ "ወፍራም ወፍራሙ አለለት፤
እዚህ ጋ ግን ቀጫጭኖቹ፣ ተ፣ ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ጠፉበት።"

እናቴ ተስፋነሽ ትባላለች።

አንድ የክረምት ማታ "ተስፋነሽ ታማለች" ብለው
"እሺ" ብሎኝ የወፍጮውን ቺንጋ ማጥበቁን ቀጠለ።
ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ብዬ ስንት ዓመት ጀርባ ሰጠሁት፤
በግማሽ አፍ፣ በኩርፊያ፣ ካልቸገረኝ አላናገርኩት።
ለካ ወፍጮው የሚፈጨው በቆሎ ብቻ አልነበረ፤
ስሟ ላይ ያለው ተስፋ በወንፊት አልፎ ሄዶ
ለአባቴ "ነ" ብቻ ቀረ።

ከበሩ ስንወጣ፣ ባጃጅ ገና ሳንጠራ፣
"ፈተናውን አለፍኩ?" አለኝ።
አልጮኽኩም፤ እንደ ተማርነው ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤
ፀሐይዋ ከንፈሬ ላይ እንድታርፍ ቀና አልኩ፣ ድምፄን አወፈርኩ፦
"የወደቅኩት እኔ ነኝ።"

"ምን?" አለ።

ደገምኩለት።