የእሷ አራት፣ የእሱ ስድስት

ከሞንቴቪዴዮ እስከ ታኳሬምቦ ሳጥን አቅፌ መጣሁ፣
ለአባቴ ልደት ነው፤ በወር ደሞዝ ገዛሁ።
ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ ቀይ ከፋይ፣
ዕቃው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ፦
ሹካው ባለ ሁለት ጥርስ፣ አጭሩ ጉጠት ባለ ጎማ፣
ቴርሞሜትሩ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ተወግቶ ሙቀት የሚያሰማ።
አባቴ ኤሌውቴሪዮ አገላብጦ አየና
«ሳጥኑ ጥሩ ነው፣ ለምስማር ይሆናል» አለኝ በትሕትና።

እሱ ያለው ሦስት ነው።

አንዱ አካፋ፣ ጠርዙ የተበላ፣
ፍም የሚያሻግር ከማንደጃው ወደ ፍርግርጉ ኋላ።
የሜዳ እሾሃማ ዛፍ፣ ኮሮኒሻ የሚሉት፣
መጥረቢያ የሚያስለቅስ፣ ፍሙ ግን ቶሎ አይሞት፣
እሱን ያነድና ወንበር ስቦ ይቀመጣል።
«ነበልባል ወሬ ነው፤
ሥጋ የሚያበስለው ዝም ያለ ፍም ነው» ይላል።

ሁለተኛው ጉጠት፣ ክንድ ተኩል ቁመቱ፣
በድርቁ ዘመን ከአጥር ብረት ቀጥቅጦ ያበጀው በቤቱ።
ሹካ አይወድም፦ «የተወጋ ሥጋ ምሥጢር አይጠብቅም፤
ጭማቂውን ለፍም ብታጠጣው፣ ፍሙ አያመሰግንም።»

ሦስተኛው ቢላ፣ ከመሳሉ ብዛት የከሳ፣
እጀታው ላይ የእናቴ ስም አለ፣ የማይነበብ፣ የሳሳ።

አራተኛም ነበረው፤ ግን አይቆጥረውም፤
ከግድግዳው ምስማር አይሰቀልም፣ ለጎረቤት አይዋስም።
መዳፉ።
ከፍርግርጉ በላይ ስንዝር ከፍ አድርጎ ይዘረጋዋል፣
ከንፈሩ ሳይሰማ በቀስታ ይቆጥራል።
ሦስት ላይ ካቃጠለው ፍሙን ይበትናል፣
ስምንት ከደረሰ አንድ አካፋ ይጨምራል፤
ስድስት ላይ እጁን፣ እንደ ተሰደበ ሰው፣ ወደ ደረቱ ሲስበው
በቃ፤ ጎድኑን ያኔ በአጥንቱ በኩል ያስተኛዋል።

በዚያ እሑድ ቆጠረ። ስድስት። ሰባት። ስምንት።
እጁ አልተነሣም። እኔ መሰለኝ ብርታት።
ዘጠኝ።
ዐሥር ሲል ሸተተኝ የተቃጠለ ፀጉር፣
ከክንዱ ላይ ነበር።

ዘልዬ ጎተትኩት፤ መዳፉን ገለበጥኩ፤
ያለፉትን እሑዶች ሁሉ እዚያ ላይ አየሁ፣
አንዱ ሳይሽር ሌላው፣ እየተደራረቡ።
«ከፋሲካ ወዲህ ነው» አለኝ ጫማውን እያየ፣
«አንድ ሌሊት፣ በቀኝ በኩል፣ የሆነ ነገር ተለየ።
ብርጭቆ ይዤ፣ መያዜን አላውቅም።
እጄ መዋሸት ጀመረ። ለሰው አልነገርኩም።»

ሮጥኩ ወደ ጓዳ። ሳጥኔን ከፈትኩት፤
ምስማር፣ ብሎን፣ ሽቦ፤ ቴርሞሜትሩን ከሥር አገኘሁት።
«ይሄማ» አለ አባቴ «የሥጋውን ልብ ያውቃል፣ አይዋሽም፤
እኔን የቸገረኝ የእሳቱ ነው። እሱን አልጠየቁትም።»

ልጄ ሱልማ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከመንደሪኑ ዛፍ ሥር
ልጣጭ በጉንጯ ይዛ ታየን ነበር።
መጣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።
ከፍርግርጉ በላይ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ዘረጋች።
«ቆይ» አላት፤ የእሷ ስንዝር ታንሳለችና
በራሱ ስንዝር ለካ፣ በግራው፣ ክርኗን ወደ ላይ አቀና።
«አንድ» አለች ጮክ ብላ። «ሁለት። ሦስት። አራት፤ አቃጠለኝ!»
ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። እኔ መልሼ ልቆጣ ዳዳኝ።
እሱ ግን አሰበ፣ ሰዓት እንደሚያስተካክል ሰው፣
«የልጅ ቆዳ ስስ ነው» አለ፤ «የእሷ አራት የእኔ ስድስት ነው።»

ረጅሙን ጉጠት በግራው ያዘ። ጎድኑ ተኛ፤
ያ የመጀመሪያው ድምፅ፣ ጭስ ሳይመጣ በፊት፣ ሦስታችንን አስቆመን በአንድ ረድፍ፣ እንደ ምስክረኛ።

አሁን በየእሑዱ አካፋው የእኔ ነው፣ አዛዧ ሱልማ፦
«ሁለት ፍም ቀንስ፣ አባባ! አልሰማህም እንዴ?» ስትል እሰማ።
አጭሩም ጉጠት፣ ያ ባለ ጎማው፣ ለእጇ ልክ ሆነ፤
ከዳር፣ እሳቱ በደከመበት፣ ቃሪያ ትገለብጥበታለች።
ሹካውን
እስከ ዛሬ ማንም አልነካው።