ወዝ

አያቴ ሂልያ ስትገዛው፣ ግራጫ ነው አሉ፤
በኅዳር የዱሉት ሰማይ ሐይቁ ላይ እንደሚታየው ሁሉ።
የመጀመሪያው ዳቦ ተጣበቀ፤ ሁለተኛውም።
ሦስተኛውን በቢላ ፈልቅቃ፣ «ገና አልተሟሸም፣
ገና አልተዋወቅንም» አለችና
ዘይት ቀባችው፣ እንደ ሕፃን ገላ፣ በመዳፏ፣ በዝግታ።

ከዚያ ዓመት በዓመት ላይ፣ ቅቤም በቅቤ ላይ ተደረበ፤
ጠየመ፣ ጠቆረ፣ እንደ ሰነበተ ኮርቻ አንጸባረቀ።
እንግዳ ያየው እንደሆነ «ይታጠብ» ይላል በሆዱ፤
እሷ ግን፦ «ወዝ ነው። ሠላሳ ዓመት ነው ጉዱ።»

ሕጓ አጭር ነበር፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በእርሳስ፦
ሳሙና አይንካው።
ለብ ያለ ውሃ፣ የእንጨት መፋቂያ፣ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።
እርጥቡን ወደ እሳት አትስደዱት፣
ከእሳት የወጣውን ለብርድ አትስጡት።
ድንጋይ ድንጋጤ አይችልም።

በየካቲት ሞተች።
ለቀብሩ እናቴ ሴልማና አክስቴ ኢርያ
ሄል የገባበት ጉንጉን ዳቦ ይጋግሩ ነበር፤
ምድጃ አንድ፣ እህት ሁለት፣ ጉንጉኑ ስድስት፣
ሰዓቱ ደግሞ የሰው ፊት አያይ።
እናቴ ቸኮለች።
የጋለውን ድንጋይ አውጥታ
በረንዳው ላይ፣ በረዶው ላይ አሳረፈችው፣ ቶሎ እንዲበርድላት።

ጧ!

መኝታ ቤት ሆኜ ሰማሁት፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፤
የሐይቁ በረዶ የተሰነጠቀ መሰለኝ።
አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።
ስባሪዎቹን በፎጣ አነሳች፣
«ይኸው ድርሻሽ» ብላ
ትንሹን ለእናቴ ሰጠች።

ሰባት ዓመት፣
በአንድ ከተማ፣ በአንድ አውቶቡስ መስመር፣
ኩርፊያው ብቻ ቲኬት ሳይቆርጥ ሲመላለስ።

እናቴ ድርሻዋን በሳሙና አጠበችው፤
በእልህ ይሁን በሐፍረት፣ ዛሬም አላውቅም።
በብረት ሽቦ ፈገፈገችው እስኪነጣ፤
የሠላሳ ዓመት ወዝ አረፋ ሆኖ
በቧንቧው ወረደ።
ከዚያ የጋገረችበት ሁሉ ሳሙና ሳሙና አለ፤
ድንጋይ የጠጣውን በአንድ ቀን አይተፋም።
ብስኩቱን እበላ ነበር፣
«ይጥማል» እያልኩ፣ በወተት እያወረድኩ።

አሥራ አምስት ሲሞላኝ ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ
«ለኢርያ አድርስ፤ አንዳች አትናገር» አለችኝ።
አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር በሁለት እጄ አቀፍኩት።
ተናገርኩ።
«ሳሙናው እንዴት ይወጣል?»

አክስቴ አሸተተችው። ሳቀች፤ ሳቋን መሐል ላይ ተወችው።
«ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይደር፤ ሲነጋ ውሃው ይለወጥ።
ሳምንት ሙሉ ይድረቅ፤ ሳይደርቅ እሳት እንዳያይ።
ከዚያ ለሰው የማይሆን ሊጥ ጋግሩበት፣ ለወፍ ጣሉት፤
ወፍ ሲበላ እናንተም ትበላላችሁ።»

ሦስት ሳምንት የሐይቁ ወፎች
እያዩ አለፉት፤
በአራተኛው አንዷ ቁራሹን ይዛ በረረች፤
እናቴ መስኮቱ ላይ ነበረች።

በፋሲካ ዋዜማ አክስቴ መጣች፣ የራሷን ስባሪ ታቅፋ።
«ምድጃሽ ሰፊ ነው» አለች። ሰላምታዋ ይኸው ነበር።
ጥቁሩንና ገርጣውን ጠርዝ ለጠርዝ አስጠጉ፤
በደንብ አልገጠሙም፤ ከመሐል የጎደለ ፍርፋሪ አለ፣
ምናልባት በረንዳው ሥር የቀረ።
ሊጡን ስንጥቁ ላይ አጋደሙት።

ሲወጣ ማንም አላጣደፈውም።
በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ሦስታችን ተቀመጥን፣
ስለ መንገድ ጨው ዋጋ ስናወራ።
ከዚያ ዳቦውን ገለበጥኩት፦
ከሥሩ አንዲት ቀጭን መስመር፣
በዚህ በኩል የደረሰ፣ በዚያ በኩል የገረጣ።

እናቴ መስመሯን በጣቷ ተከተለቻት።
«የእኔ ወዙ ገና ነው» አለች።
«ይመጣል» አለች አክስቴ፣ ቢላውን እየፈለገች፣
«ብቻ አትጠቢው።»