ከመቶ አርባ እጅ

ሌሊት በማሪቦር፣ ከድራቫ ማዶ፣
የጎዳናው ቆዳ ካጥንቱ ላይ ወርዶ፣
ያ ባለጥርስ ብረት እየቆረጠመ
ሽቅብ ይተፋዋል፤ ገልባጭ ከፊት ቆመ።
እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላ ነኝ፤
ውሃና ብናኙ ጭቃ አለበሰኝ።
ዝላትካ ከላይ ናት፣ መሪው ላይ፣ ብቻዋን፤
አንዴም አልቀመሰች የፔርሙሱን ሻይዋን።

ሞተሩን አጥፍታ ድንገት ወረደች፤
«ይኼን ያነጠፈው አባቴ ነው» አለች።
«ያኔ አገሩም ሌላ፣ ባንዲራውም ሌላ፣
ሬንጁም በበርሜል ውስጥ በእንጨት ሲፈላ።
በጫማው ቤት መግባት እናቴ አትፈቅድም፤
ከጥፍሩ ሥር ግን ጥቁሩ አይለቅም።»

ምን ልበላት እኔ? አሮጌ መንገድ ነው፣
ተሰነጣጥቆ የአዞ ጀርባ የመሰለው፤
ጎማ የገረፈው፣ ውርጭ የፈለፈለው፣
በየክረምቱ ጨው ልሶ የጨረሰው።
የሚጣል መስሎኝ ነበር ከከተማው ጥግ፣
እንዳለቀ ጫማ፣ ያለ አንዳች ማዕረግ።

ማደባለቂያው ግን አፉን ከፍቶ ጠበቀን።
ቦጎሚር፣ ሚዛኑን የሚጠብቀው ሰው፣
አንድ እፍኝ አንሥቶ፣ ሰባብሮ አሸተተው።
«አልሞተም» አለን። «ሬንጅ መቼ ይሞታል?
እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይደርቃል።
ትንሽ ዘይት ስጡት፣ እሳትም በልክ፤
ከአዲሱ ጠጠር ጋር ራሱ ይላል ልክክ።»
ወረቀቱ ላይ ጻፈ፦ ከመቶ አርባ እጅ።
ዝላትካ ጮኸች፣ «መቶው ይሁን እንጂ!»
«አሮጌ ብቻውን በብርድ ይሰበራል፤
አዲስም ብቻውን በፀሐይ ይላላል።
ደግሞም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ማዘጋጃ ቤት ከዚህ በላይ አይፈርምም።»

ሊነጋጋ ሲል ተመለሰ፣
ጥቁር፣ ትኩስ፣ እየጨሰ።
ጠርዙን በአካፋ ሳስተካክል እኔ፣
ዳምጠውን እየነዳ ደረሰ ቲኔ።
(ስሙን ነግሬዋለሁ፤ ምላሱ አልታዘዘም፤
«ዳምቴው» ይለዋል፤ ማሽኑ ግድ የለውም።)

አባትየው መጡ፣ ጠዋት፣ በከዘራ፤
መዳፋቸው ሞቀ ከመንገዱ ጋራ።
«የቱ ነው የኔ?» አሉ።
ዝላትካ ወዲያ ወዲህ ብታይ፣
ስፌት የለው፣ ወሰን የለው፣ አንድ ወጥ ጥቁር ሰማይ።

እኔ «አርባ» አልኳቸው ባልተገራ ስሎቬንኛ።
በኔ ቋንቋ ቢሆን፣ እጅ ድርሻም ነው፣ እጅም ነው፤
ይኼን ግን በምን አፌ ላስረዳቸው?
«አርባ» አሉ። ጥፍራቸውን አዩት።
ጥቁሩ አሁንም አለ።

ሪባኑ ተነሣ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አለፈ፤
ከተሳፋሪው አንድም ከእንቅልፉ አልነቃ።
ዝላትካ የቀዘቀዘ ሻይዋን
ቦዩ ውስጥ ደፋችው። በቃ።