ከትንታኔው የወጡ

ሐምሌ ነው። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ከተማው ላይ ወርዷል፤
ጎርፉ በፒያሳ ቁልቁል የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ ይዞ ይሄዳል።
ማተሚያዬን በጥፊ አነቃለሁ፣ ቀለሙ ደርቆበት፤
“ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ” ይላል የደጄ ሰሌዳ፣ “ጥ” ለቆበት።

ዶክተር ሩቅያ ይመር ገባች፣ ጃንጥላዋን ደፉ ላይ አራገፈች፤
“ለማዕረግ እድገት ነው፣ አሥር ሰዓት ይዘጋል፣ ሦስት ቅጂ” አለች፤
ፍላሿን አስጨብጣኝ ለሻይ ወጣች።

“የታተሙ ሥራዎች።” አሥራ ሦስት ናቸው።
ዓመት፣ መጽሔት፣ ቅጽ፣ ገጽ፤ እንደ ስም ጥሪ ቀጥ ብለው፣ በየመስመራቸው።

፩. የሌሊት ፈረቃና የማስታወስ አቅም፤ በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች።
በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንት ሌሊት እንደወረደች፣
በሚኒባሱ መስኮት ስንቴ እንዳስመለሰች፣
አልተጻፈም። የተጻፈው “መቶ አሥር ሴቶች” ነው፤
አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የረሳችው ቁጥሩን አይደለም፣ ቀንና ሌሊቱን ነው።

፬. ድባቴና ትኩረት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።
ስሟ አምስተኛ ላይ ነው፤ ከፊቷ አራት ሰዎች፣
ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሚነበቡ ስሞች።

፭. በጸበልና በዱዓ ቤት የሚቆዩ ሕሙማን፤ የውሳኔ አሰጣጥ።
በሁለቱም ደጅ ጫማዋን አውልቃ፣
ጠብቃ፣ ተሰድባ፣ ተመርቃ።
(ስድስትን ዘለልኩት፤ ስሌት ብቻ ነው።)

፯. ከጦርነት በኋላ የድንጋጤ ትውስታ፤ የአንጎል ሞገድ ልኬት፣ ደሴ።
ጣቴ ቆመ፤ ማንበቡን ረሳ ምላሴ።

ሙሐባው ወንድሜን ያኔ እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት፣
ሆስፒታሉ ጓሮ፣ መጋረጃዋ ብርድ ልብስ የሆነ ክፍል ያስገባሁት።
የመረብ ቆብ አጠለቁለት፣ ሽቦው እንደ ሹሩባ ወርዶ በጀርባው፤
ጸጉሩ ሥር ቅባት ጠቀጠቁ፤ ቀዘቀዘው፤ ሳቀ ሙሐባው።
“መሐል ያለችውን የመደመር ምልክት እይ፣ አትነቃነቅ”
አሉት፣ በር ሲገጭ አልጋ ሥር ለሚደበቅ።

ያን ቀን ዘነበ። ቆርቆሮው ጮኸ።
ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሁሉ ተራራ ሆነ፣
ጦሳ በጦሳ ላይ፤ ማሽኑም አብሮት ባነነ።
ሩቅያ አጠፋችው። በገዛ ፎጣዋ፣ በለብታ ውሃ፣ ቅባቱን አጠበችለት
እስከ ጆሮው ጀርባ። ይሄም የትም አልተጻፈላት።

ገጽ አምስት። እንግሊዝኛዬ የኮፒ ቤት ነው፤ ይህን ያህል ግን አይጠፋኝም፦
“ሦስት ተሳታፊዎች፣ ከመጠን ባለፈ እንቅስቃሴ ምክንያት፣ ከትንታኔው ወጥተዋል።”
ወጥተዋል። ወዴት እንደወጡ አይልም።

እኔ ልንገር፤ አንደኛው ወጥቶ አልቀረም።
በየቀኑ ከቧንቧ ውሃ ቦሩ ሜዳ በእግሩ ይደርሳል፣
ዘጠኝ ተኩል ላይ በደጄ አልፎ ይመለሳል።
ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ፤ እውነት ነው።
መጠኑን ማን ያውቃል?

ተመልሳ ስትመጣ ገጹን አዙሬ አሳየኋት፣
በጣቴ። ቃል አልወጣኝም። ገባት።
“አሥራ አራተኛ ነበረ” አለች፣ “ስለ ሦስቱ ብቻ። አራት ቦታ ላክሁት፤
‘ቁጥሩ አንሷል’ ብለው መለሱት።
ያልታተመ ደግሞ አይቆጠርም።”
ለእኔ ይሁን ለጃንጥላዋ የተናገረችው፣ አላወቅሁም።

ማተሚያው ወረቀት ነከሰ፤ ጎተትኩ፤ ቀለም በቀለም ሆነ እጄ።
አሥራ ሦስቱን አወጣሁ፣ በሥራቸው አራት ጣት ባዶ ትቼ።
አየችው። ስለ ባዶው አልጠየቀችኝም፤
ብሯን ቆጠረች፤ መልስም አልጠበቀችም።

ያን ጊዜ አለፈ፣ የማዳበሪያ ከረጢት በራሱ ላይ ደፍቶ፤
“ሙሐባው!” አለች፣ ከሁለታችን ድምፅ የእሷ ቀድሞ ወጥቶ።

እጁን አነሳ።
አልቆመም።