ግልባጭ

ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከዋርካዋ ጥላ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አቤቱታ ጣቴን እየበላ፣
ከፊቴ የሐዋሳ ባጃጅ፣ ከቆርቆሮው አናት አባ ኮዳ ቆሞ፣
ቀጠሮ እንዳለው ሰው ባንድ እግሩ ደክሞ፣
አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ግልባጭ አይታመንም።
ካርቦኑ ሲያረጅ፣ ወረቀቱ ሲያልበው፣
ፊደል ይሸሻል እንጂ ባለበት አይከርምም።

ሰኞ ለት ነገርኩት ይህን ለላሚሶ፣
ክንዴን በላስቲክ አስሮ፣ ደም ሥሬን ዳስሶ።
ሳቀ።
«ጋሽ መርዕድ፣ ይሄማ የኛ ሥራ ነው» አለኝ፣
መርፌውን ሲነቅል ጥጥ እያስያዘኝ።
«ቫይረስም ጸሐፊ ነው፣ ግን ችኩል ጸሐፊ፤
በቀን እልፍ ጊዜ ራሱን ገልባጭ፣ እልፍ ፊደል ገዳፊ።
አንዳንዱ ስሕተቱ ‹ሰ›ን በ‹ሠ› መተካት፣
ዓይን ቢያየው እንጂ ጆሮ አይሰማው ልዩነት።
አንዳንዱ ግን፣ ጋሼ፣ ከላይ አንድ ጭረት፣
‹ይዳን› የነበረው ‹ይዳኝ› የሚሆንበት።
አንዱ ሰው ቤት ገብቶ ዐሥር ዓመት ያንቀላፋል፣
አንዱ በዓመቱ ምሰሶ ነቅንቆ ክዳን ያረግፋል።
ደሞ አንባቢም አለ። ‹ገና› ብለህ ብትጽፍ፣
አንዱ አጥብቆ ያነበዋል፣ አንዱ አላልቶ ሲያልፍ፤
ላንዱ በዓል ሆኖ፣ ላንዱ የቀረ ጊዜ፤
ጽሑፉ አንድ ሆኖ ንባቡ ነው አባዜ።»

እኔ ግን ሳስብ ነበር አመለወርቅን፣
ያንድ ክረምት ምሽት፣ ያንድ አልጋ ሙቀትን።
ዋናው እኔ ዘንድ ቀርቶ፣ ግልባጩ ለሷ፣
ያለ ቁጥር፣ ያለ ቀን፣ ሳትፈርም እሷ።
በሁለተኛው ፋሲካ ቀሚሷ ሰፋት፣
ትወደው የነበር የአሞራ ገደል ዓሣ ሽታው አስጠላት።
በሦስተኛው ክረምት፣ መድኃኒቱ ከተማችን ሳይደርስ፣
ሄደች። እኔን ጉንፋን እንኳ አልነካኝ ጥቁሬን ስለብስ።

ጎረቤት ፈረደ፦ «ቀድማ የታመመች፣
እሷ ናት ያመጣች።»
እኔም፣ የሰው ግድፈት ሳርም የኖርኩት፣
ያንን አንድ መስመር እንዳለ ተውኩት።

«ላሚሶ» አልኩት፣ «የሷ ደም ቢኖርህ፣
የትኛው ጭረት እንደሆነ ታሳየኛለህ?»
«ያኔ ማን አስቀመጠ? ቢቀመጥም እንጃ፤
ከጽሑፉ ይሁን ካንባቢው፣ የለኝም ማስረጃ።»

ከሰዓት ተመለስኩ። ባለጉዳይ የለም።
መኪናዬን ነጭ ወረቀት አጎረስኳት።
«ጉዳዩ፦ ግድፈት ስለማረም።
ቀድማ የታመመችው ኋላ የተያዘችው ናት።
ከእኔ ነው።»
ካርቦን አልደረብኩበት።
ከታች ግን፣ በልማድ፣ ጣቴ የጻፈበት፦
ግልባጭ፣
ለወይዘሮ አመለወርቅ፣
ባሉበት።